ለእርሳስ ማቅለጫ ምድጃ ርካሽ የሙቀት መቆጣጠሪያ፦ አሠራሩና ሒሳቡ

ይህ ዓምድ አዘውትሮ ስለ ግብር፣ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ መኖሪያ ወረቀት የሚያወሳ በመሆኑ፣ ዛሬ ስለ ቀለጠ እርሳስ ሲያነቡ ገጽ የተሳሳቱ እንዳይመስልዎ። በወንዝና በሐይቅ ዳር ሱቅ የከፈቱ ወገኖቻችን ከለስላሳ መጠጥና ከሎተሪ ቲኬት ጎን የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ይሸጣሉ። ከዚህ ዕቃ ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው መንጠቆውን ይዞ ወደ ውኃው የሚሰጥመው ትንሽ የእርሳስ ክብደት፣ በአገሬው አጠራር ሲንከር የሚባለው ነው። የአጥማጁ ክር ከድንጋይ ሥር በተያዘ ቁጥር አንድ ሲንከር እዚያው ይቀራል፤ ሰውየውም ነገ ሌላ ሊገዛ ይመለሳል። በሌላ በኩል ባለታክሲዎቻችን ሁሉ የታወቀ ጎሚስታ አላቸው፤ በጎሚስታው ደጅ ደግሞ ከቸርኬ ላይ የወለቀ የባላንስ እርሳስ በባልዲ ሞልቶ ይታያል። ባለሱቁና ባለታክሲው ቡና ላይ የተገናኙ እንደሆነ "ለምን ራሳችን አቅልጠን አንሸጥም?" መባባላቸው አይቀርም።

ይህንኑ ሐሳብ ይዘው ቢሮዬ የመጡ ደንበኞች አሉ። የሚጠይቁኝ ስለ ግብር ነው። እኔ ደግሞ አስቀድሜ "እርሳሱን በስንት ዲግሪ ነው የምታቀልጡት?" እላቸዋለሁ። አብዛኞቹ "ሲቀልጥ እናያለን" ይሉኛል። የሒሳብ ሰው ስለ ዲግሪ ምን አገባው እንዳይሉ፤ የዚህ ሥራ ወጪና ትርፍ፣ ከዚያም በላይ የቤተሰቡ ጤና፣ የሚወሰነው በዚያች ቁጥር ነው።

ስለ ሙቀቱ

ንጹሕ እርሳስ የሚቀልጠው በ327.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም በ621 ፋራናይት ገደማ ነው። ዚንክ ደግሞ በ419.5 ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዙልኝ። ከጎሚስታው የሚመጣው ባልዲ በስም የእርሳስ ይባል እንጂ በውስጡ የዚንክና የብረት ክብደቶችም ተቀላቅለው ይገኛሉ። የአውሮፓ ኅብረት በአዲስ መኪና ላይ የእርሳስ ባላንስን ከ2005 ጀምሮ ከልክሏል፤ በአሜሪካም ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ሜይንና ሌሎችም ግዛቶች ተከትለዋል። ስለዚህ ዓመት በመጣ ቁጥር በባልዲው ውስጥ ያለው እርሳስ እየቀነሰ፣ ዚንኩ እየጨመረ ይሄዳል።

ሙቀቱን ከ400 ሴንቲግሬድ በታች ከያዙት ዚንኩ ሳይቀልጥ እንደ ቡሽ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከእርሳስ በጣም ይቀልላልና። ብረቱም እንዲሁ ይንሳፈፋል። ሁለቱንም በጭልፋ ለቅሞ ማውጣት ነው። ማውጣቱ ግን ፈጠን ብሎ ነው፤ ዚንክ በእርሳስ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ከቆየ ከመቅለጫ ነጥቡ በታችም ቢሆን ጥቂት በጥቂት ይሟሟል። ሙቀቱ ከ420 ካለፈ ግን ዚንኩ ቀልጦ ይደባለቃል። ከዚያ በኋላ እርሳሱ እንደ ገንፎ ይወፍራል፤ ፎርማውን አይሞላም፤ የሚወጣው ሲንከር ሸካራና ጎደሎ ይሆናል። 20 ፓውንድ ሙሉ ድስት በአንድ እፍኝ ዚንክ ይበላሻል፤ ዚንኩን መልሶ ለማውጣት መሞከርም በጓሮ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ጢሱ ነው። እርሳስ የሚፈላው ከ1,700 ሴንቲግሬድ በላይ ስለሆነ እዚያ የሚያደርስ ምድጃ የላችሁም። ነገር ግን ሙቀቱ ወደ 500 በተጠጋ መጠን የሚወጣው ተን እየበዛ ይሄዳል፤ ላዩ ላይ የሚሰበሰበው አመድ መሳይ ዝገትም በፍጥነት ይፈጠራል። ይህ አመድ እርሳስ ነው። ሳምባ ውስጥም፣ እጅ ላይም፣ ልብስ ላይም የሚቀር እርሳስ ነው። በተቃራኒው እርሳሱ ከቀዘቀዘ ፎርማው ሳይሞላ ይረጋል። ስለዚህ የሥራው ሜዳ ጠባብ ነው፤ በእኔ ግምት ከ350 እስከ 390 ሴንቲግሬድ ድረስ ይበቃል፤ በፋራናይት ከ660 እስከ 735 ገደማ ማለት ነው።

በርካሽ የሚሸጡት የኤሌክትሪክ ማቅለጫዎች ከ1 እስከ 9 ወይም እስከ 10 ቁጥር የተጻፈበት መዘውር አላቸው። ያ ቁጥር ዲግሪ አይደለም። መዘውሩ የቀለጠውን እርሳስ አይለካም፤ ዝም ብሎ ኤሌክትሪኩን በየጊዜው ያበራል፣ ያጠፋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላቸው እመቤቶች ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። መዘውሩን ሳይነኩት የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ይቀራል፣ ስድስተኛው ያርራል። በምጣድ ላይ የሚጠፋው አንድ እንጀራ ነው። ድስቱ ሲጎድል ግን፣ መዘውሩ ባለበት ሆኖ፣ ያው እሳት ትንሽ እርሳስ ብቻ ስለሚያገኝ ሙቀቱ ሽቅብ ይወጣል፤ ባለቤቱ ደግሞ አያየውም።

መቆጣጠሪያው እንዴት ያስባል?

ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት መሣሪያ ፒ አይ ዲ ኮንትሮለር ይባላል። ዛሬ 48 በ48 ሚሊሜትር የሆነች፣ ከግጥሚያ ሳጥን ብዙም የማትበልጥ ፊት ያላት ዕቃ ሆና በጥቂት ዶላር ትገኛለች። ሥራዋን ለባለታክሲ ማስረዳት ቀላል ነው። ከፊትዎ ቀይ መብራት አለ እንበል። ገና ሩቅ ከሆኑ ነዳጁን ደህና አድርገው ይረግጣሉ፣ ሲቃረቡ ይቀንሳሉ፤ ይህ የፒ ሥራ ነው። መንገዱ ዳገት ሆኖ በለመዱት አረጋገጥ መኪናው ከሚፈልጉት ፍጥነት በታች ሲቀርብዎ ቀስ በቀስ ጨምረው ይረግጣሉ፤ ይህ አይ ነው፤ የቆየውን ጉድለት እያጠራቀመ ያካክሳል። መኪናው ወደ መብራቱ በጣም እየፈጠነ መሆኑ ሲሰማዎ ገና ሳይደርሱ እግርዎን ያነሣሉ፤ ይህ ዲ ነው። ተራ ቴርሞስታት ግን እንደ ጀማሪ ሹፌር መብራቱ ሥር እስኪደርስ ይረግጥና እዚያ ፍሬን ይይዛል፤ ሁልጊዜም መስመሩን ያልፋል።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ብዙ አይደሉም። ኮንትሮለሩ አንድ። የሙቀት መለኪያው፣ ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል የሚባለው፣ በማይዝግ ብረት ቱቦ ውስጥ የገባ መሆን አለበት። ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋ ሶሊድ ስቴት ሪሌይ ከነሙቀት ማስተንፈሻ አሉሚኒየሙ፤ አንድ ኮንታክተር፤ የብረት ሳጥን፤ ፊውዝ፤ ማብሪያ ማጥፊያ፤ ባለመሬት ሶኬትና 14 ጌጅ ገመድ። ለስሌት ያህል ኮንትሮለሩን 30፣ ቴርሞካፕሉን 14፣ ሪሌዩን ከማስተንፈሻው ጋር 18፣ ኮንታክተሩን 15፣ ሳጥኑንና የቀረውን 33 ዶላር ብንይዝ ድምሩ 110 ዶላር ይሆናል። ዋጋው እንደየሻጩ ከፍ ዝቅ ይላል። ተሠርቶ ያለቀውን የሚሸጡም አሉ። ብዙም ልዩነት ካላገኙበት፣ በተለይ የዩ ኤል ማረጋገጫ ካለው፣ ያለቀውን ይግዙ፤ ይህን የምለው ኋላ ስለ ኢንሹራንስ በማነሣው ምክንያት ነው።

20 ፓውንድ የሚይዝ የተለመደ ማቅለጫ 700 ዋት ገደማ ይበላል። በ120 ቮልት ሲካፈል 6 አምፒር የማይሞላ ነው። ሆኖም 10 አምፒር የተጻፈበትን ሪሌይ አይግዙ። ርካሽ ሪሌይ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የምኞት ነው፤ 25 ወይም 40 የተጻፈበትን ወስዶ በሩብ ጉልበቱ ማሠራት ይሻላል። ኮንትሮለሩን ሲያዙም ውጤቱ "ለሶሊድ ስቴት ሪሌይ" የሚል መሆኑን ያረጋግጡ፤ በውስጡ ተራ ሪሌይ ብቻ ያለው ሞዴል ለዚህ አያገለግልም።

ገመዱ አካሄዱ እንዲህ ነው። ከግድግዳው የሚመጣው ትኩሱ ሽቦ በቅድሚያ በፊውዙ፣ ከዚያ በማብሪያ ማጥፊያው፣ ከዚያ በኮንታክተሩና በሪሌዩ በኩል አልፎ ምድጃው የሚሰካበት ሶኬት ላይ ይደርሳል። ኒውትራሉ በቀጥታ ወደ ሶኬቱ ይሄዳል። የመሬቱ ሽቦ ከሶኬቱም ከብረት ሳጥኑም ጋር በደንብ ይታሰራል፤ ይህን የሚተው ሰው ሳጥኑን ባይነካው ይሻለዋል። ኮንትሮለሩ ራሱ የሚበላውን ከማብሪያ ማጥፊያው በኋላ ይወስዳል። ካቻቪቴ ከመያዝዎ በፊት ገመዱ ከግድግዳው መነቀሉን ይዩ፤ ሪሌዩ ጠፍቶ እንኳ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያሾልካልና በማብሪያው ብቻ አይተማመኑ። ኤሌክትሪክ ካልለመዱ ፈቃድ ያለው ወዳጅ ይጠይቁ፤ በየከተማው ከወገኖቻችን መካከል ኤሌክትሪሺያን አይጠፋም።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሰናከልበት ቦታ ደርሰናል። በአሜሪካ ደረጃ የኬ ዓይነት ቴርሞካፕል ሁለት ሽቦዎች አንዱ ቢጫ አንዱ ቀይ ናቸው። ቀዩ አሉታዊ ነው። ከመኪና ባትሪ የለመድነው በተቃራኒው ስለሆነ ሰው ሁሉ ቀዩን ወደ ፕላስ ይሰካዋል። እንደዚያ ከሆነ ምድጃው በጋለ ቁጥር ኮንትሮለሩ የሚያነበው ቁጥር ወደ ታች ይሄዳል፤ "ገና ቀዝቃዛ ነው" ብሎም ያለ ማቋረጥ ያቀጣጥላል። ስለዚህ ምድጃው ውስጥ ከመክተትዎ በፊት ጫፉን በጣትዎ ይዘው ያሙቁት፤ ቁጥሩ ወደ ላይ ካልወጣ ሽቦዎቹን ያገላብጡ። ገመዱን ማስረዘም ካስፈለገም በተራ የመዳብ ሽቦ አይቀጥሉ፤ የኬ ዓይነት ማራዘሚያ ለብቻው አለ።

ሌላው ወጥመድ ሴንቲግሬድና ፋራናይት ነው። 700 ፋራናይት 371 ሴንቲግሬድ ነው። በሴንቲግሬድ ለተዘጋጀ ኮንትሮለር 700 ብለው ከጻፉለት ግን ሳያቅማማ ወደ 700 ሴንቲግሬድ ሊሄድ ይነሣል። አብዛኞቹ ኮንትሮለሮች ሊታዘዙ የሚችሉበትን ከፍተኛ ቁጥር መገደብ ይቻላል፤ በመጀመሪያው ቀን 400 ሴንቲግሬድ ላይ ይዝጉት። ቴርሞካፕሉ ቢበጠስ ኤሌክትሪኩን እንዲያቋርጥም ያስተካክሉት።

ሪሌዩ ሲበላሽ የሚበላሽበት መንገድም መታወቅ አለበት። አምፖል ሲቃጠል ይጠፋል። ሶሊድ ስቴት ሪሌይ ሲቃጠል ግን አብዛኛውን ጊዜ በርቶ ይቀራል። ኮንታክተሩን ከዕቃዎቹ ውስጥ ያስገባሁት ለዚህ ነው፤ የኮንትሮለሩን የማስጠንቀቂያ መውጫ 410 ላይ አድርገው ኮንታክተሩን እንዲያላቅቅ ያደርጉታል። ይህ ራሱ አንድ ቀዳዳ ይቀረዋል። ቴርሞካፕሉ ከድስቱ ሾልኮ ከወጣ አየሩን እየለካ "25 ዲግሪ ነው" ይላል፤ ማስጠንቀቂያውም የሚሰማው ይህንኑ ነው። ስለዚህ መለኪያውን በማሰሪያ አጥብቀው ከድስቱ ጠርዝ ጋር ይሰሩት። ጫፉ ከእርሳሱ መካከል ይሁን፣ ግድግዳውንም ወለሉንም አይንካ። የምድጃውን የራሱን መዘውር ደግሞ እስከ መጨረሻው አይክፈቱት፤ ለሥራው ከሚያስፈልገው ጥቂት ከፍ አድርገው ይተዉት፤ ልኩን ባያውቅም ሁለተኛ ዘበኛ ይሆንልዎታል። እንዲህም ሆኖ የበራ ምድጃ ትቶ ስልክ ለማንሣት መሄድ የለም።

ልክነቱን ለማየት የሚፈላ ውኃ ይበቃል። በባሕር ወለል አካባቢ 100 ሴንቲግሬድ ማሳየት አለበት፤ ዴንቨር የምትኖሩ 95 ገደማ ብታዩ መሣሪያው አልተሳሳተም፣ ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ ነው። ከውኃው በኋላ ቴርሞካፕሉን አጥብቀው ያድርቁት። ከዚህ የበለጠው መፈተኛ ግን እርሳሱ ራሱ ነው። ንጹሕ እርሳስ አቅልጠው ምድጃውን ያጥፉና ቁጥሩን ይመልከቱ፤ እየወረደ መጥቶ 327 ወይም 328 ላይ ለጥቂት ጊዜ ይቆማል፤ እርሳሱ መርጋት የጀመረበት ቦታ ነው። የባላንስ እርሳስ አንቲሞኒ ስላለበት እንዲህ ጥርት ብሎ አይቆምም፤ ለፈተናው ንጹሑን ይጠቀሙ። ከዚህ በኋላ ድስቱን ከግማሽ በላይ ሞልተው 370 ላይ "ራስህን አስተካክል" የሚለውን ትእዛዝ ይስጡት። በዚህ ጊዜ ቁጥሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ከልኩ በላይ ይወጣል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ይሁን እንጂ በዚያች ሰዓት ዚንክ ያለበት ባልዲ ድስቱ ውስጥ አይኑር።

ስለ ጤና የማይታለፍ ነገር

ውኃና የቀለጠ እርሳስ አይገናኙም። አንዲት ጠብታ ከእርሳሱ ሥር ከገባች በቅጽበት ከሺህ ጊዜ በላይ የሚሰፋ እንፋሎት ሆና እርሳሱን ወደ ፊትዎ ትረጨዋለች። ዝናብ ያደረበትን የባላንስ እርሳስ ቀዝቃዛ ድስት ውስጥ አድርገው ከመጀመሪያው አብሮ ይሙቅ እንጂ በቀለጠው ላይ አይጣሉ። መነጽር፣ የቆዳ ጓንት፣ የጥጥ ልብስና ድፍን ጫማ የግድ ነው። ቦታው ከቤት ውጭ ወይም በሩ የተከፈተ ጋራዥ ይሁን፤ ኩሽና ውስጥ ግን በፍጹም።

የመኪና ባትሪ ሰብሮ ማቅለጥ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ። አሲዱም፣ የሚወጣው ጋዝም፣ የተረፈው ዱቄትም ገዳይ ነው። በሴኔጋል፣ በዳካር ዳርቻ በምትገኘው ቲያሮይ ሱር ሜር፣ ሰዎች ከአሮጌ ባትሪ የወጣ እርሳስ ይሰበስቡ በነበረበት ሰፈር፣ ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 በአውሮፓ አቆጣጠር 18 ሕፃናት ሞተዋል። የሞቱት አቅላጮቹ ሳይሆኑ በአፈሩ ላይ ይጫወቱ የነበሩት ልጆች ናቸው።

ሕፃናትን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ከ2021 ጀምሮ በሕፃን ደም ውስጥ በአንድ ዴሲሊትር 3.5 ማይክሮግራም እርሳስ ከተገኘ ክትትል ይፈልጋል ይላል፤ ምንም አይጎዳም የሚባል መጠን ደግሞ አልተገኘም። እርሳስ ከነፍሰ ጡር ወደ ጽንሱ ይተላለፋል። ስለዚህ የሠሩበትን ልብስ ለብሰው ታክሲው ውስጥ አይግቡ፤ ባልዲውንም የተሳፋሪ ሻንጣ በሚቀመጥበት ኮፈን አይጫኑ። ልብሱ ለብቻው ይታጠብ። እጅና ፊት በሳሙና ሳይታጠቡ ቡናም፣ ሲጋራም፣ ጫትም ወደ አፍ አይጠጋ። አመዱን በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ አይጥረጉት፤ ክዳን ባለው ቆርቆሮ አጠራቅመው አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበለው ክፍል ወይም ለብረታ ብረት ገዢ ይስጡ። በዓመት አንድ ጊዜ ለሐኪምዎ "የእርሳስ ምርመራ" ቢሉት ደም ተወስዶ ይታያል። ሠራተኛ ከቀጠሩ ደግሞ ነገሩ ከምክር አልፎ ሕግ ይሆናል፤ ኦሻ በ8 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ ከ50 ማይክሮግራም በላይ እርሳስ እንዲኖር አይፈቅድም።

ሒሳቡ

መቆጣጠሪያው የመብራት ሒሳብ ይቆጥብልኛል ብለው እንዳይገዙት። 9 ኪሎ እርሳስ ከክፍል ሙቀት ተነሥቶ እስከ 370 ለማድረስ የሚፈለገው ጉልበት፣ በግድግዳው የሚባክነውን ትተን፣ ከሩብ ኪሎዋት ሰዓት ያነሰ ነው። ሳንቲም ነው። የተበላሸ ሲንከርም ተመልሶ ይቀልጣል እንጂ አይጣልም። የሚጠፋው የእርስዎ ሰዓት ነው፤ ብዙ ባለሱቆች ደግሞ ይህን ከሒሳብ ውጭ ያደርጉታል።

አንድ ምሽት 3 ሰዓት ሠርተው 360 ሲንከር አፈሰሱ እንበል። በመዘውር ብቻ ሲሠሩ 20 በመቶው ቢበላሽ 288 ይተርፋል። በመቆጣጠሪያው ብልሽቱ ወደ 5 በመቶ ቢወርድ 342 ይሆናል። ልዩነቱ 54 ነው። አንዱን በ15 ሳንቲም በጅምላ ቢሸጡ 8 ዶላር ከ10 ሳንቲም ማለት ነው። 110 ዶላሩ በ14 ምሽት ይመለሳል። በሳምንት አንድ ምሽት ለሚሠራ ሰው ከአራት ወር ያነሰ ጊዜ ነው። ነገር ግን ሌላውንም ጎን ይዩ፤ 342 በ15 ሳንቲም 51 ዶላር ከ30 ሳንቲም ነው። በ3 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 17 ዶላር ከ10 ሳንቲም ይወጣል፤ ከዚህ ላይ የእርሳሱ፣ የፎርማው፣ የጓንቱና የታክሱ ወጪ ገና አልተቀነሰም። በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ታክሲው ቆሞ ከሆነ የዋለው፣ ስንት ያመጣ ነበር? በዓርብ ምሽት አቅልጠው ታክሲውን ማቆም እኔ አልመክርም። ሱቁ ጭር በሚልበት የክረምት ሰኞ ግን ሌላ ነገር ነው።

የመሣሪያውን ወጪ በተመለከተ፣ ዕቃው በአንድ ደረሰኝ ከ2,500 ዶላር በታች ስለሆነ ለዓመታት እያካፈሉ መቀነስ አያስፈልግም፤ ከዓመቱ መግለጫ ጋር ምርጫውን የሚገልጽ ጽሑፍ አያይዘው በዚያው ዓመት ሙሉውን ወጪ ማድረግ ይቻላል። ደረሰኞቹን ይያዙ። ሳጥኑን ሲገጥሙ ያጠፉትን የራስዎን ጉልበት ግን ወጪ ብለው መጻፍ አይችሉም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ታክስ

ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝ ዋናው ነገር ይህ ነው። በአሜሪካ የስፖርት ዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የሚሠራ ወይም ከውጭ የሚያስመጣ ሰው በሚሸጥበት ዋጋ ላይ 10 በመቶ የፌዴራል ኤክሳይዝ ታክስ ይከፍላል። ሕጉ ከመንጠቆ፣ ከቡሽና ከማባበያ ጋር ሲንከርን በስሙ ጠርቶ ይዘረዝራል። ገንዘቡ በ1950 በወጣው የዲንጌልና የጆንሰን ሕግ መሠረት ለየግዛቱ የዓሣ ሀብት ማልሚያ ይውላል። ባለሱቁ እስካሁን ስለዚህ ታክስ ያልሰማው ከጅምላ ሻጭ ሲገዛ አምራቹ ቀድሞ ስለከፈለው ነው። ራስዎ ያቀለጡ ዕለት ግን አምራቹ እርስዎ ነዎት። በቀጥታ ከቻይና ያስመጡም ቢሆን እንደዚያው።

የሚከፈለው በፎርም 720 ነው፤ በቅጹ ላይ መለያ ቁጥሩ 41 ነው። የአሠሪ መለያ ቁጥር ያስፈልጋል። ቀኖቹ ሚያዝያ 30፣ ሐምሌ 31፣ ጥቅምት 31 እና ጥር 31 ናቸው፤ ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር። አንድ ጊዜ ከጀመሩ በኋላ ምንም ባልሸጡበት ሩብ ዓመትም፣ መጨረሻዬ ነው ብለው እስካላስታወቁ ድረስ፣ ቅጹን ያስገባሉ። በዓመት 40 ምሽት ሠርተው ከላይ ባሰብነው ዋጋ 13,680 ሲንከር ቢሸጡ ገቢው 2,052 ዶላር፣ ታክሱ 205 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው። በሱቅዎ በችርቻሮ ሲሸጡ ታክሱ የሚሰላበት ዋጋ የራሱ ደንብ ስላለው ከመጀመሪያው ቅጽ በፊት ባለሙያ ያነጋግሩ። ቅጹን ያላስገባ ሰው በየወሩ የታክሱን 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ድረስ ይቀጣል፤ ወለዱ ሳይቆጠር።

ገንዘቡ ትንሽ ነው ብሎ መተው ለስደተኛ ሌላ መዘዝ አለው። የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400 ጊዜው ያለፈበት የፌዴራል፣ የግዛት ወይም የከተማ ታክስ ዕዳ እንዳለብዎ ይጠይቃል፤ መልሱም በመሐላ ነው። ታክሱን ቢከፍሉ ወይም ከአይ አር ኤስ ጋር የክፍያ ውል ቢይዙ ወረቀቱን ይዘው መቅረብ ይችላሉ። ጥገኝነት ጠይቀው የሥራ ፈቃድ ያገኙ ሰዎች ለራሳቸው መሥራት ይፈቀድላቸዋል። በተማሪ ቪዛ ላይ ያሉ ወይም በአንድ ቀጣሪ ስም በተሰጠ የሥራ ቪዛ የሚኖሩ ግን ሲንከር አቅልጠው መሸጣቸው ያልተፈቀደ ሥራ ሊባል ስለሚችል፣ ጠበቃ ሳያማክሩ እጃቸውን አያስገቡ።

ኢንሹራንሱን ረስተን አንለፍ። የቤት ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ በቤት ውስጥ የሚካሄድ ንግድን አይሸፍንም፤ በቤት ከተሠራ የኤሌክትሪክ ሳጥን እሳት ቢነሣ ደግሞ ኩባንያው አልከፍልም ብሎ ሊከራከር ይችላል። ወኪልዎን በጽሑፍ ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ሱቁ የኪራይ ከሆነ ውሉ ላይ ስለ አደገኛ ዕቃ የተጻፈውን አንቀጽ ያንብቡ።

የእርሳስ ሲንከር መሸጥ የማይቻልባቸው ቦታዎችም አሉ። ሉን የሚባለው የውኃ ወፍ እየዋጠው ስለሞተ፣ በኒው ሃምፕሸር 1 አውንስና ከዚያ በታች የሆነ የእርሳስ ሲንከር መሸጥ ተከልክሏል። በቬርሞንትና በኒውዮርክ ገደቡ ግማሽ አውንስ ነው። በማሳቹሴትስ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ ከ1 አውንስ በታች የሆነውን በአገር ውስጥ ውኃ መጠቀም አይፈቀድም። በእንግሊዝ የምትኖሩ አንባብያንም እስከ 28.35 ግራም ያሉት ትንንሾቹ ከ1987 ጀምሮ እንደተከለከሉ አስታውሱ። በእነዚህ ቦታዎች የቲንና የቢስሙት ቅልቅል ይሸጣል። ቲን በ232፣ ቢስሙት በ271 ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጡ ያው ሳጥን ያገለግላል፤ የሚቀየረው የሚጽፉለት ቁጥር ብቻ ነው። ጥሬ ዕቃው ከእርሳስ ብዙ ስለሚወደድ የሚሸጡበትን ዋጋ እንደገና ያስሉ፤ ድስቱና ጭልፋውም እርሳስ ያልነካቸው ይሁኑ። ሲንከር እስከሆነ ድረስ 10 በመቶው ታክስ በእርሱም ላይ ይከፈላል።